ከነባር ማኅበረሰቦች መብት ሥራ ሲለቁ ባልደረቦችንና ሽማግሌዎችን እንዴት ይሰናበታሉ? ዝርዝር መመሪያ

በሐዋሳ ቢሮ ከፍተው በሲዳማ፣ በጌዴኦ ወይም በደቡብ ኦሞ ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች የመሬት፣ የግጦሽና የቋንቋ መብት በሚሟገቱ ድርጅቶች ውስጥ አንድ ሠራተኛ ሲለቅ የሚሆነው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በመጨረሻው ዓርብ ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ማታ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ምስጋና ይጻፋል፣ ሰውየውም ከግሩፑ ይወጣል። ሰኞ ጠዋት ከወረዳ የመጡ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመው በስሙ ይጠይቁታል። መልቀቁን የነገራቸው የለም፤ ጉዳያቸውን የተረከበም የለም።

ስንብቱ የሚበላሸው ኬኩ ስላነሰ አይደለም። በዚህ ሥራ ለሰዎች ቃል ተሰጥቷል፤ ቃሉን ለሌላ ሰው ሳያስረክቡ የሚደረግ ስንብት ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር ከመጥፋት አይለይም። ስለዚህ የሚከተሉት ደረጃዎች ከርክክብ ተነሥተው ወደ ሽኝቱ ቡና ይሄዳሉ። ቅደም ተከተሉ የተዘጋጀው ለ30 ቀን ነው፤ ቀኑ ቢያጥርብዎ እንኳ ተራውን አያፋልሱ።

ደረጃ 1፦ ለማንም ከመናገርዎ በፊት

1.1 ቀኑን ይወስኑ

የሥራ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ያልተጠቀሙበትን የዓመት ፈቃድ አሁኑኑ ያስሉ፤ ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። ቀሪውን ፈቃድ በማስታወቂያው ጊዜ ውስጥ ወስጄ ልረፍ የሚል ሐሳብ ይመጣል። አይውሰዱት፤ ለርክክብ የሚያስፈልግዎ ቀን ያ ነው፤ ያልተወሰደው ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልዎታል።

ቀጥሎ ቀኑን ከማኅበረሰቡ አቆጣጠር ጋር ያስተያዩ። በሲዳማ የዘመን መለወጫው የፍቼ ጨምበላላ ቀን የሚታወቀው አያንቱዎች የተባሉት ቀን ቆጣሪዎች ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው ሲያሳውቁ ነው፤ በዚያ ሳምንት ሽማግሌዎችን ለሥራ ጉዳይ ማግኘት አይቻልም፣ መጠየቁም ነውር ነው። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር ቀበሌዎች ደግሞ በድርቅ ወራት ወጣቶቹና ብዙዎቹ አባወራዎች ከብት ይዘው ርቀው ይሄዳሉ፤ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ሽማግሌዎችን የሚሰናበቱበት የመስክ ጉዞ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ከተጋጨ ማዘዋወር የሚኖርብዎ ጉዞውን አይደለም፤ የመልቀቂያ ቀንዎን ነው።

1.2 የቃል ዝርዝር ያዘጋጁ

ከመመሪያው ሁሉ ብዙ ሰዓት ሊሰጡት የሚገባው ይህ ለሰዎች የገቡት ቃል ዝርዝር ነው። አንድ ደብተር ይያዙና ያለፉትን የመስክ ሪፖርቶች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የስልክ መልእክቶች አንድ በአንድ ያገላብጡ። «እናየዋለን»፣ «እጠይቅላችኋለሁ»፣ «ይዤ እመጣለሁ» ያሉበትን ቦታ ሁሉ ይጻፉ። እርስዎ እንደ ዘበት የተናገሩት ነገር በዚያኛው ወገን እንደ ውል ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ አምስት ነገር ያስፍሩ፦ ለማን እንደተሰጠ፣ ምን እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ፣ የመጨረሻ ቀኑ መቼ እንደሆነ።

ለምሳሌ አንዱ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ። የልኬታ ሰነዱን ቅጂ ከወረዳው መሬት አስተዳደር ላመጣላቸው። ደብዳቤው ገብቷል፣ መልስ አልመጣም። የደብዳቤው ቅጂ በሰማያዊው ፋይል። ቀን አልተቆረጠለትም።»

የመጨረሻ ቀን ያላቸውን ጉዳዮች በቀይ ያስምሩባቸው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚለቀቅበትን ሁኔታ በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የማስለቀቅ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማመልከት ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው። የእርስዎም የማስታወቂያ ጊዜ 30 ቀን ነው። እርስዎ ደብዳቤ ባስገቡበት ሳምንት ለአንድ አርሶ አደር ትእዛዝ ደርሶት ከሆነ፣ እርስዎ ቡና ጠጥተው ሲወጡ የእሱም መብት አብሮ ሊያልቅ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ በርክክብ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከነቀኑ፣ ለብቻው ይቀመጥ።

*ሊሳካ ካልቻለ፦* የድሮው ሪፖርት ከጠፋ አስተርጓሚዎን ይጠይቁ። ቃሉን በአካባቢው ቋንቋ የተናገረው እሱ ነውና ከእርስዎ ይልቅ ያስታውሰዋል።

1.3 ማን መቼ እንደሚሰማ በወረቀት ያስፍሩ

ተራው ይህ ነው፦ የቅርብ አለቃ፣ አስተርጓሚና ሾፌር፣ የቅርብ የሥራ ቡድን፣ መላው ቢሮ፣ የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎችና የሴቶች ቡድኖች፣ በመጨረሻም የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች። ከአለቃ እስከ መላው ቢሮ ያለውን በሁለት ቀን ውስጥ ይጨርሱ። በሐዋሳ የአንድ መሥሪያ ቤት ወሬ ከፒያሳ አቶቴ ለመድረስ የምሳ ሰዓት ይበቃዋል።

ደረጃ 2፦ ለአለቃ መንገርና ደብዳቤ ማስገባት

1. መጀመሪያ በቃል ይንገሩ፣ በር ዘግተው። ደብዳቤውን በእጅዎ ይያዙ፤ ነገር ግን አለቃዎ ሰምቶ ሳይጨርስ ጠረጴዛው ላይ አያስቀምጡ።
2. ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ቅሬታ ካለዎት ለመውጫ ቃለ መጠይቁ ያቆዩት።
3. የቃል ዝርዝሩን ያሳዩና ማን እንደሚረከብ በስም ይጠይቁ። «እናስብበታለን» ከተባሉ መቼ እንደሚታሰብበት ቀን ያስቆርጡ።
4. የሽማግሌዎቹ ስንብት ጉዞ በድርጅቱ መኪናና አበል እንዲደረግ ያስፈቅዱ። ይህ የግል ጉብኝት አይደለም፤ የሥራ ርክክብ ነው።
5. ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ፤ የገቢ ቁጥርና ቀን የተጻፈበትን ቅጂ ይዘው ይውጡ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

የደብዳቤው ናሙና፦

«ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ቅድሚያ ማስታወቂያ ስለማቅረብ

እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው ሠራተኛ ከ____ ቀን ጀምሮ በ____ የሥራ መደብ ሳገለግል ቆይቻለሁ። በግል ምክንያት ሥራዬን ከ____ ቀን ጀምሮ የምለቅ ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ በዚህ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ። በእጄ የሚገኙትን ሥራዎች፣ ሰነዶችና ንብረቶች ለሚመደበው ሠራተኛ በጽሑፍ አስረክባለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬ እንዲዘጋጅልኝም በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ከዚህ የሚረዝም ደብዳቤ አይጻፉ። ምስጋናም ወቀሳም ለፋይል አይደለም።

*አለቃዎ ቢቆጡ ወይም ዝም ቢሉ፦* አይከራከሩ፣ ቀኑንም እዚያው አይቀይሩ። «ነገ ጠዋት ስለ ርክክቡ ተመልሼ ልምጣ» ብለው ይውጡ። ደሞዝ ይጨመርልህ ተብሎ ለመቆየት ቢለመኑ በዚያው ቀን መልስ አይስጡ፤ ሆኖም ከሁለት ቀን በላይ አያቆዩት፤ ዜናው ከእርስዎ ቀድሞ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ ለባልደረቦች መንገር

አብዛኛው ሰው ወደ ኦፊሰሮቹ ክፍል ሮጦ ሾፌሩን ይረሳል። ሾፌሩና አስተርጓሚው በሚቀጥለው ሳምንት መስክ ይወጣሉ፤ እዚያ «እገሌስ ደህና ነው?» ተብለው የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ከሰው ሰምተው ከሆነ ያው የሰሙትን ይናገራሉ። አስተርጓሚው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የማኅበረሰቡ ልጅ ነው። እርስዎ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ እሱ እዚያው ከዘመዶቹ ጋር ይኖራል፤ ያልተፈጸመው ነገር ሁሉ «አንተ ነህ ያመጣኸው» ተብሎ በእሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለብቻው ቡና ጋብዘው ይንገሩት፤ የቃል ዝርዝሩንም አብረው ያንብቡ። «ለሽማግሌዎቹ እኔ ራሴ እስክነግራቸው ድረስ ያዝልኝ» ብለው በግልጽ ይጠይቁት።

ለቀሪው ቡድን በሳምንታዊው ስብሰባ መጨረሻ ላይ መናገር ይበቃል። ስብሰባው ሲጀመር ከተናገሩ የቀረው አጀንዳ ሁሉ ይበተናል።

ለመላው ቢሮ የሚላከው መልእክት አጭር ይሁን፦

«ውድ ባልደረቦቼ፣ እስከ ____ ቀን ድረስ አብሬያችሁ እሠራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከድርጅቱ እለቃለሁ። በእጄ ያሉትን ጉዳዮች የሚረከበው ሠራተኛ በጽሑፍ ይገለጻል። ከእኔ የምትፈልጉት ሰነድ ወይም መረጃ ካለ እስከ ____ ድረስ አሳውቁኝ። ለማኅበረሰብ ተወካዮች በአካል ሄጄ ስለምነግራቸው እስከዚያ ድረስ ዜናው በቢሮው ውስጥ እንዲቆይ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

*ወሬው ቀድሞ ከወጣ፦* ማን እንዳወጣው አይፈልጉ፤ ጊዜ ይበላል፣ ቂምም ያተርፋል። በዚያው ቀን ለዋናው ሽማግሌ ስልክ ይደውሉና «የሰማችሁት እውነት ነው፣ በአካል መጥቼ እነግራችኋለሁ፣ በዚህ ቀን እመጣለሁ» ይበሉ።

ደረጃ 4፦ ርክክብ

ተረካቢው ከተመደበ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ የቃል ዝርዝሩን መስመር በመስመር ያንብቡ። ፋይል ላክሁለት ማለት ርክክብ አይደለም። ሰነዱ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና የቅርብ ኃላፊ ይፈርሙበት።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የምስክርነት ሰነድ ነው። ስለ መፈናቀል፣ ስለ ድብደባ ወይም ስለ መሬት ነጠቃ የተናገሩ ሰዎች ስም፣ ድምፅና ፎቶ በላፕቶፕዎ ውስጥ አለ። እነዚህ ሰዎች የተናገሩት ለድርጅቱና ለተወሰነ ዓላማ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ፦

1. የፈቃድ ቅጹን ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር ያዛምዱ። ቅጽ የሌለውን ለይተው ለተረካቢው ያሳዩ።
2. በግል ስልክዎ የተቀዳ ድምፅና ፎቶ ካለ ወደ ድርጅቱ ማኅደር ያስገቡ፤ መግባቱን ካረጋገጡ በኋላ ከስልክዎ ያጥፉ። የቴሌግራም «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ ያለውንም አይርሱ፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።
3. ለማስታወሻ ብለው በፍላሽ ገልብጠው አይውሰዱ። በሚቀጥለው መሥሪያ ቤት ይጠቅመኛል የሚለው ሐሳብ በተለይ አደገኛ ነው፤ የሌላ ሰው ስም በማያውቀው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።
4. የግሩፕ አስተዳዳሪነትን ለተረካቢው ያስተላልፉ፤ ይህን ሳያደርጉ ከወጡ ግሩፑ ባለቤት አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።
5. የይለፍ ቃሎችን በመልእክት አይላኩ። ተረካቢው አጠገብዎ ተቀምጦ ራሱ ይቀይራቸው።

*ተረካቢ ካልተመደበ፦* በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። የመጨረሻ ቀንዎ አሥር ቀን ሲቀረው ማንም ካልተሰየመ፣ ሰነዱን ለቅርብ ኃላፊዎ ያስረክቡና ያስፈርሙ፤ የመጨረሻ ቀን ያላቸውን ጉዳዮች ደግሞ ለብቻቸው በደብዳቤ ያሳውቁ። «እስኪመጣ ድረስ እኔ በስልክ እረዳለሁ» የሚል ቃል ግን አይስጡ። የሚመጣው ሰው ከስድስት ወር በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ እስከዚያ እርስዎ ደሞዝ የሌለው ሠራተኛ ይሆናሉ።

ደረጃ 5፦ ሽማግሌዎችንና የሴቶች ቡድኖችን መሰናበት

ዝግጅት

ከተረካቢው፣ ከአስተርጓሚውና ከሾፌሩ ጋር ይሂዱ። ተረካቢው ሊሄድ የማይችል ከሆነ ጉዞውን ያራዝሙ፤ ብቻዎን የሚሄዱ ከሆነ ከሞላ ጎደል ባዶ እጅዎን እንደሄዱ ይቆጠራል። ስብሰባውን በተለመደው ሰው በኩል ያስጠሩ፤ ቀበሌ ሊቀመንበሩ ይጥራልኝ ብለው አቋራጭ አይፈልጉ፤ የመንግሥት ስብሰባ ይመስላል። በሲዳማ ሶንጎ (የሽማግሌዎች ሸንጎ) ነገር የሚቋጨው በአፊኒ ሥርዓት ሁሉም ሰምቶና ተናግሮ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይመድቡ፣ ከሰዓት በኋላም ሌላ ቀጠሮ አይያዙ።

ቅደም ተከተል

1. ከመናገርዎ በፊት ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ከብቱና ስለታመመው ሰው ይጠይቁ። ይህ ቸኩለው የሚያልፉት መግቢያ አይደለም፤ የአንዳቸው ልጅ መታመም ተነግሮዎ ከነበረ እሱን ሳያነሡ መሰናበት አይቻልም።
2. ትልቁ ሽማግሌ «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» እስኪል ይጠብቁ።
3. ዜናውን በቀጥታ ይናገሩ። ናሙናው ይህ ነው፦ «አባቶቼ፣ ሁለት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ ከዚህ ሥራ ልለቅ ነው፤ የመጨረሻ ቀኔ የዚህ ወር 25 ነው። ሁለተኛው፣ የእናንተ ጉዳይ ከእኔ ጋር አይሄድም። የሚይዘው ይህ አጠገቤ የተቀመጠው ወንድማችሁ ነው፤ ወረቀቱም በእጁ ነው። ሦስት ነገር ቃል ገብቼላችሁ ነበር። አንዱ ተፈጽሟል፣ አንዱ ፍርድ ቤት ነው፣ አንዱ አልተፈጸመም፤ ያልተፈጸመበትንም ምክንያት እነግራችኋለሁ።»
4. ያልተፈጸመውን ይዘርዝሩ። ሁሉም ሰው ሊዘለው የሚፈልገው ይህን ነው። እርስዎ ካልተናገሩት ተረካቢው በመጀመሪያ ቀኑ ይጠየቅበታል፤ መልስ ስለሌለውም በዚያው ይናቃል።
5. ተረካቢው ራሱ ይናገር፦ ስሙን፣ ከየት እንደሆነ፣ ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን። ቀኑ በአንድ ወር ውስጥ ይሁን።
6. ዝም ይበሉ። በተራ ይናገራሉ፤ ወቀሳም ይኖራል። ወቀሳውን አስተርጓሚው እንዲያለዝበው አይፍቀዱ፤ ተረካቢው እንዳለ መስማት አለበት።
7. ምርቃቱን ይቀበሉ። በሐመርና በአጎራባቾቹ ዘንድ ከቡና ገለፈት የተፈላው ሾፎሮ በቅል ይቀርባል፤ ሽማግሌው አፉ ውስጥ ይዞ እፍ ብሎ ቢረጭዎ እየመረቀዎ ነውና ፊትዎን አይጥረጉ።

ሴቶቹን በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ቦታ ያግኟቸው። በወንዶቹ ሸንጎ ጥግ ላይ የተቀመጡትን ሰላም ብሎ ማለፍ ስንብት አይሆንም፤ ውኃው፣ ትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው ጉዳይ በአብዛኛው የተነሣው ከእነሱ ነው።

ምን አይሉም

«ተመልሼ እመጣለሁ» አይበሉ፤ ቀን ከሌለው ሌላ ያልተፈጸመ ቃል ነው። «አዲሱ ሰው ከእኔ የተሻለ ነው» አይበሉ፤ ማንም አያምንዎም። ድርጅቱ ውስጥ ስላለው ጭቅጭቅ በፍጹም አያንሡ፤ ከሳምንት በኋላ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። በተረካቢው የግል ስልክ ቁጥር ፋንታ የቢሮውን መደበኛ ቁጥር ይስጡ።

ስጦታ ከመጣ

ይመጣል። ማር፣ ቅቤ ወይም ቡላ ከሆነ ይቀበሉ፣ ለቢሮው ያሳውቁ፣ በሽኝቱ ቀን ለሁሉም ያቅርቡ። ፍየል ከሆነ «እዚሁ አብረን እንብላው» ብለው ይጠይቁ። ይህም ካልተቻለ በመንጋው ውስጥ በስምዎ እንዲቆይ ሲባል በፈገግታ አይለፉት፤ ያ ፍየል ይወልዳል፣ እርስዎም በማያውቁት ጉዳይ ባለዕዳ ሆነው ይቆያሉ። ለማኅበረሰቡ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ እንዲሰጥ እዚያው፣ በሰው ፊት ይናገሩ። ገንዘብ ከሆነ በምንም መልኩ አይቀበሉ።

*ሽማግሌዎቹ ተረካቢውን አንቀበልም ካሉ፦* አይማልዱለት። «ምን ቢያደርግ ትቀበሉታላችሁ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በቃለ ጉባኤ ያስይዙ። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት የሚቻል ነገር ነው፦ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሮት እንዲመጣ፣ ወይም በወር አንድ ጊዜ እንዲታይ።

ደረጃ 6፦ የቢሮው ሽኝት

ቀኑን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ያድርጉት። ረቡዕና ዓርብ ለኦርቶዶክሶች ጾም ነው፤ ዓርብ ደግሞ ሙስሊም ባልደረቦች ለጁምዓ ይወጣሉ። ሥጋ ከታሰበ የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ሁለት ወጪ ይመጣል፤ ከአሞራ ገደል የሚመጣ ዓሣ ጭቅጭቁን ይቀንሰዋል፣ ምንም እንኳ በጾም ወቅት ዓሣም የማይበሉ ስላሉ ሽሮና አትክልት ከጎኑ መኖር ቢገባውም። ፈንዲሻ፣ ድፎ ዳቦና ቡና ግን ለሁሉም ይሆናል፤ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው። ኬኩ ከነክሬሙ ሁልጊዜ ይተርፋል።

መዋጮ በስምዎ እንዲሰበሰብ አይፍቀዱ። አዘጋጆቹ በድብቅ ካደረጉት ማን ስንት እንዳዋጣ የሚያሳየው ዝርዝር ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ ይጠይቁ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ያዋጣችው ከሥራ አስኪያጁ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ መታየት የለበትም።

ንግግሩን ከአቦል በኋላ ያድርጉ። ከዚያ በፊት ሰው ገና እየገባ ነው፤ በረካ ላይ ደግሞ ግማሹ ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል። ከሦስት ደቂቃ አይለፉ። ከጥበቃው፣ ከጽዳት ሠራተኛዋና ከሾፌሮቹ ይጀምሩ፤ ለእያንዳንዳቸው የሠሩትን አንድ ነገር ጠቅሰው ያመስግኑ። «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ማንንም አያመሰግንም። ለምሳሌ፦ «መኪናችን ጭቃ ውስጥ በቀረችበት ሌሊት ጎማ ሥር ድንጋይ እየደረደርክ ያወጣኸን አንተ ነህ።» ተረካቢውን ጠቅሰው ይጨርሱ፤ ቀልድ ከቀለዱ በራስዎ ላይ ይሁን።

*እንባ ከመጣብዎ፦* ንግግሩን ያቁሙና ቡና ይጠጡ። ወረቀቱን ለሚቀርብዎ ባልደረባ ሰጥተው ማስነበብ ነውር የለውም። *ከአለቃ ጋር ተጣልተው የሚለቁ ከሆነ፦* ሽኝቱን አይቅሩበት። መቅረት ለሁሉም ሰው ወሬ መስጠት ነው፤ ንግግሩን ወደ አንድ ደቂቃ ያሳጥሩትና አለቃዎን በማዕረጋቸው ብቻ ጠቅሰው ይለፉ።

ደረጃ 7፦ ክሊራንስ

ክሊራንስ ከመጨረሻው ቀን አንድ ሳምንት በፊት ይጀመር። ሰውን የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ያልተወራረደ የመስክ አበልና የነዳጅ ደረሰኝ ነው። ከወረዳ የመጣ የእጅ ደረሰኝ ማኅተም ከሌለው ፋይናንስ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ በደረጃ 5 ጉዞ ላይ ሳሉ የጎደለውን ማኅተም ያስመቱ። ላፕቶፕ፣ ካሜራ፣ የድምፅ መቅጃ፣ የቢሮ ሲም ካርድ፣ ቁልፍና መታወቂያ በንብረት መረካከቢያ ቅጽ ተጽፈው ይመለሱ።

በአዋጁ መሠረት ደመወዝና ሌሎች ተያያዥ ክፍያዎች ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው፤ ነገር ግን የእርስዎ ንብረት ወይም ሂሳብ አለማስረከብ ቀኑን ሊያራዝመው ይችላል። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ የሌለባቸው ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ቢለቁም ስለ ስንብት ክፍያ ይጠይቁ። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ይውጡ፤ ከደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ገቢ ሲደረግ መቆየቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁ። የሥራ ልምድ ወረቀቱ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን መያዝ አለበት፤ የሚሰጠውም ያለ ክፍያ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ስምዎ እስከ አያት በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመው ያንብቡ።

ደረጃ 8፦ ከለቀቁ በኋላ የሚመጡ ስልኮች

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ከማኅበረሰቡ ይደወልልዎታል። ስልኩን ያንሡ፤ አለማንሳት ድሮውንም ጥሎን ሄዷል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን አይያዙት። ጤናና ቤተሰብ ይጠይቁ፣ ከዚያ «ይህን ጉዳይ አሁን የሚያውቀው እገሌ ነው፣ ለእሱ ንገሩት፤ ካላነሣ ወደ ቢሮው ቁጥር ደውሉ» ይበሉ። ወዲያው እርስዎም ለተረካቢው «ከእገሌ ስልክ ነበር፣ ስለ ውኃው ነው» የሚል አጭር መልእክት ይላኩ። ራስዎ ወረዳ ደውለው ለማስፈጸም ከሞከሩ ግን ወረዳው ከዚያ በኋላ የአዲሱን ሰው ስልክ አያነሣም።

የሞት ወይም የመታሰር ዜና ከሆነ ነገሩ ይለያል። ለቅሶ ይሂዱ፤ ሲሄዱ ግን የድርጅቱን ልብስ ወይም ባጅ አያድርጉ፣ ስለ ሥራውም አይጠይቁ። ለታሰረ ሰው ከተደወለልዎ በዚያው ሰዓት ለቀድሞው የቅርብ ኃላፊዎ ያሳውቁ፤ ማሳወቅዎንም ለደወለው ሰው መልሰው ይንገሩት።